ጥቅምት 14 ላይ የቆመ ቤት

እናንተ ቤት ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?

የተጠየቃችሁት የጎዳናውን ቀን አይደለም፤ እሱን የባጃጅ ነጂውም ያውቀዋል። የተጠየቃችሁት በሩን ዘግታችሁ ሶፋችሁ ላይ ስትደላደሉ ግድግዳው የሚያሳያችሁን ቀን ነው። ሦስት ቀን ወደኋላ ናችሁ? ሳምንት? ወይስ «እኛ እንኳ ብዙም አልራቅን» እያላችሁ ወር ከምናምን ተጎትታችኋል?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ፣ ሶሊያና ቤት ቀኑ ጥቅምት 14 ነበር። ጎዳናው ላይ ጥቅምት 23 በሆነበት ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አንድ ልጇ ጓንጉል የተሳፈረበት የሠራተኞች መኪና በረሃው መንገድ ላይ ተገለበጠ፤ ልጁም ሞተ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። እናቱ ይህን የሰማችው ከሃምሳ አራት ቀን በኋላ ነው።

በእነዚያ ሃምሳ አራት ቀናት አልታመመችም፣ ሰፈር አልቀየረችም፣ ስልኳም አልጠፋም። ልጁ የተቀበረው ከቤቷ ሃያ ደቂቃ በእግር በሚያስኬድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቀብሩ ላይ ከአራት መቶ የማያንስ ሰው ቆሟል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ግማሹ በስሟ ይጠራታል። አንድም የነገራት የለም። ይህ የሆነው ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ጨዋ ስለሆኑ ነው።

ነገሩ ሲጀመር የሚያስቅ ነበር። ኳስ አስቀድቶ የሚተኛ ሰው በማግሥቱ ሥራ ሲገባ ሁለት ጆሮውን ይዞ «ውጤቱን የነገረኝ ጠላቴ ነው» ይላል፤ ባልደረቦቹም እየሳቁ ያሰቃዩታል። ከኳሱ ድራማው ተከተለ፤ ከድራማው ዜናው። የኬብል ቴሌቪዥኑ መቅጃ ሳጥን ከግድግዳው ስክሪን፣ ከስልኩ፣ ከበሩ፣ ከወጥ ቤቱ ሬዲዮ ጋር በአንድ መረብ ሲታሰር ደግሞ ሰው ሁሉ የራሱን ቀን ይዞ በየቤቱ ቁጭ አለ። ቤቱ ገና ካልደረሰበት ቀን የመጣ ጥሪ አይገባም፤ ቤቱ እስኪደርስበት መቅጃው ውስጥ ይጠራቀማል። እንግዳ ሲመጣ በሩ ራሱ የቤቱን ቀን ነግሮ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ የሚዘባርቅ «ቀን አፍራሽ» ይባላል። ቀን ያፈረሰ ሰው ቤቱ ከመረቡ ይወጣል፤ ከመረቡ የወጣ ቤት ደግሞ በሩም አይከፈት፣ ምድጃውም አይበራ።

መንገድ ላይ «እንዴት አደርክ» ቀርቶ «የት ደረሳችሁ» ሆነ። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ መጀመሪያ ቀናቸውን ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ ወደኋላ በቀረው ሰው ቀን ላይ ቆመው ስለ አየሩና ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ። ከሁሉ አስቀድሞ አፉ የተዘጋው የእድሩ ጡሩምባ ነበር። ጎህ ሲቀድ ሰፈሩን እየዞረ «እገሌ አርፏል» የሚለው ጡሩምባ ነፊ የስንቱን ቤት ቀን አፍርሷል ተብሎ ተከሰሰ። ያኔ ደስ ያለው እንጂ «እሺ፣ ታዲያ ሞትን ማን ይንገረን?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሶሊያና ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። በዚያ ዘመን ሶሊያና የአሮጊት ስም ሆኗል፤ ጓንጉልን የመሰለው ስም ደግሞ ወጣቶች የሚኮሩበት ሆኖ ተመልሷል። ከዚራ በሚባለው ሰፈር በምትገኝ ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ባሏ የሞተው ልጇ ስምንት ዓመት ሲሆነው ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ አንድ ደንብ ብቻ ነበር፤ ማንም ማንን ቀድሞ አያይም። ልጁ ከትምህርት ቤት ካልመጣ ግድግዳው ጨለማ ነው። እሷ ሥራ በዝቶባት ካመሸች እሱ ሪሞቱን አይነካም። ሌላው ሰው ልጁን እየጠበቀ ምሳ እንደሚያቆይ ሁሉ እሷ ቀን ታቆያለች።

ጓንጉል በረሃ ውስጥ የእንፋሎት ጉድጓድ ለሚቆፍር ድርጅት ለሁለት ወር ሲቀጠር የቤቱን ቀን ያቆመው እሱ ራሱ ነው። ሻንጣውን በር ላይ አስቀምጦ ተመለሰና ግድግዳው ላይ ጥቅምት 14ን ቆለፈ።

«ማሚ፣ እዚህ ላይ ጠብቂኝ» አላት። «ታኅሣሥ 14 ስመለስ ከዚሁ እንቀጥላለን።»

እሷ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን ላይ ምን ልሠራ ነው ብላ ጠየቀችው።

«አንቺ ኮሌታሽን ገጣጥሚ። ቀኑን ለእኔ ተይው፣ አቦ።»

ያን ቀን ድሬ በጣም ሞቃት ነበር። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ሳሎኗ ውስጥ ያለው የአየር ትንበያ በየማለዳው ሙቀት ሲናገር ከረመ፤ ውጭ በኅዳር ማለዳ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ እንኳ ሳሎኗ ሙቅ ነው ይላል። ዜና አንባቢዋ ያንኑ አረንጓዴ ሸሚዝ ለብሳ ያንኑ ዜና ታነባለች። ሶሊያና የድሮ ድራማዎችን፣ ከጥቅምት 14 በፊት የተቀዱትን፣ እየደጋገመች ታያለች። አዲሱ ድራማ ሊያልቅ ሦስት ክፍል ቀርቶት ነበር፤ እሱን አልነካችም። ከእሱ ጋር ነው።

ስልክ አለመደወሉ አላስጨነቃትም። እንዲያውም እንደሚደውል ታውቃለች። ከግድግዳው በታች በትንሽ ፊደል የሚጻፍ መስመር አለ፤ የተጠራቀሙ መልእክቶች ይላል፤ ከጎኑ ቁጥር። ልጇ በሄደ በሦስተኛው ቀን ቁጥሩ ሦስት ሆነ። በዘጠነኛው ቀን አሥራ አንድ። ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። ሲመጣ አብረው ይከፍቷቸዋል፤ እሱ በራሱ ድምፅ ያፍራል፣ እሷ ትስቅበታለች።

ጎዳናው ጥቅምት 24 ሲሆን ቁጥሩ በአንድ ሌሊት ዘጠና ሦስት ገባ።

ያን ጠዋት ሱቅ ከመክፈቷ በፊት ጎረቤቷን ሃሴትን አገኘቻት። ሃሴት የልጅነት ጓደኛዋ ናት፤ ምላሷ ስለታም ነው፣ በዚያ ሰፈር ያላበሸቀችው ሰው የለም። ሶሊያና እየሳቀች፣ ድራማው ሳያልቅ አልቀረም መሰለኝ፣ ዓለም ሁሉ ይደውላል፣ ጓንጉልም ቢሆን መናፈቅ ጀምሯል፣ አለቻት።  ሃሴት ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። ሶሊያና ይህን ስታይ ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ደፈነች።

«በቃ፣ በቃ፣ አትንገሪኝ» አለች። «እኛ ገና አልደረስንም።»

እየሳቀች ነበር የሄደችው።

የጓንጉል የለቅሶ ድንኳን የተተከለው ከቤቷ በስተጀርባ ሁለተኛው ቅያስ ውስጥ ነው። የእድሩ ዳኛ አሜን ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሰፈሩ ጋሼ ቢለውም ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም ስለሌለ ሁሉም አንተ ይለዋል። ድንኳኑ ሟቹ ቤት ደጃፍ ላይ መተከል እንዳለበት ያውቃል። ግን ያ ደጃፍ ጥቅምት 14 ላይ ነው። ስለዚህ ከዓይኗ አራቀው። የድንኳኑ መግቢያ ላይም እንደ ደንቡ የሟች ስም አልተጻፈም፤ «የጥቅምት 23 ለቅሶ» ብቻ ይላል። ቤታቸው ጥቅምት 23 ላይ ያልደረሰ ሰዎችም መጥተው መቀመጥ እንዲችሉ ነው። ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ከሆነ ቆይቷል። ሰው ገብቶ ይቀመጣል፣ ያዝናል፣ ይወጣል፤ ያዘነው ለማን እንደሆነ ቤቱ ቀኑ ላይ ሲደርስ ይሰማል።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛን የማብላት ተራ የሶሊያና ነበር። ከእድሩ ተራ ቀርታ አታውቅም። ማለዳ ተነስታ ስንዴና ሽንብራ ቀቀለች፤ ንፍሮውን በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሁለተኛው ቅያስ ድረስ በእግሯ ሄደች።

ስትገባ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ለዕድሜዋ የተደረገ አክብሮት መሰላትና ተቀመጡ ብላ በእጇ አሳየች። ንፍሮውን ለሴቶቹ አስረክባ ከአንድ ወጣት አጠገብ ተቀመጠች። ፊቱ በፀሐይ የከሰለ፣ ቀኝ እጁ በፋሻ የታሰረ ልጅ ነው። ልክ እንዳያት እንባው መውረድ ጀመረ። እሷም ጭንቅላቱን ስባ ትከሻዋ ላይ አስደገፈችው።

«አይዞህ የኔ ልጅ» አለችው። «ወንድምህ ነው?»

«ከወንድምም በላይ ነበር።»

«እናት አለችው?»

ልጁ አዎ በማለት አንገቱን ነቀነቀ። ሶሊያና ዙሪያውን ቃኘች፤ መሐል ተቀምጣ የምታለቅስ እናት የለችም። አሜንን ጠራችውና የሟች እናት የት እንዳለች ጠየቀችው። አሜን መሬት መሬት እያየ መርዶ ገና እንዳልተነገራት መለሰላት። ቤቷ አልደረሰም አላት።

ሶሊያና በሕይወቷ ከተናገረችው ሁሉ ያን ዕለት የተናገረችውን ያህል ልክ የሆነ ነገር የለም።

«ልጇን ቀብራችሁባት ትጠብቃላችሁ?» አለች። «እናት ከሁሉ ሰው በኋላ ነው የምትሰማው? ጋሼ አሜን፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ። ነገ በማለዳ ሰው ሰብስበህ ሂድና ንገራት። ቀኗ ይፍረስባት። ቀን ምንድን ነው?»

 ማንም እንባውን አልጠረገም። ሶሊያና ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጠች፤ ስትወጣም እንደ ወጉ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብላ ወደ ሱቋ ሄደች።

አሜን በማግሥቱ ማለዳ በራፏ ላይ ቆመ። ብቻውን ነበር፤ ሌሎቹ ቤታቸው ከመረብ እንዳይወጣ ፈርተው ቀርተዋል። እሱም ፈርቷል፤ ሚስቱ የምትተነፍሰው በማሽን ነው፣ ማሽኑ ደግሞ ያለ መረቡ አይሠራም። ቢሆንም መጣ። በሩ ይህ ቤት ጥቅምት 14 ላይ ነው ብሎ አስጠነቀቀው። አሜን ሶሊያናን በስሟ ተጣራ፤ ስለ ጓንጉል የምነግርሽ አለኝ አላት።

«ምን ሠራ?» አለች ከውስጥ። ድምፅዋ ውስጥ ፈገግታ አለ። «አደራ ጋሼ አሜን፣ ያዘው። ከእሱ ከራሱ ነው መስማት የምፈልገው። ገና አልደረስንም።»

አሜን እዚያው ደጃፍ ላይ ብዙ ቆመ። ከዚያ ዞሮ ሄደ። በዚህ ሰው ላይ መፍረድ የሚፈልግ ይፍረድ፤ ግን መጀመሪያ የራሱን ሚስት በዚያ ማሽን ላይ አስተኝቶ ያስብ።

ጥቅምት አለቀ፣ ኅዳር ገባ። ሶሊያና ለሰዎች ባሕርይ የራሷን ማብራሪያ አገኘችለት። ሃሴት መሳደብ ያቆመችው እያረጀች ስለሆነ ነው። ገበያ ላይ አንዲት ቲማቲም ሻጭ ያለ ወጉ አቅፋ የያዘቻት የድራማው መጨረሻ አሳዛኝ ስለሆነ መሆን አለበት። መንገድ ላይ የምታገኛቸው ሰዎች አፋቸውን ሲከፍቱ እሷ ትቀድማለች፤ ጆሮዋን ደፍና ገና ነን ትላለች። እነሱም እፎይ ይላሉ። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ እፎይ ይሉ ነበር። ከባዱን ነገር የሚሸከምላቸው ሳጥን ስለተገኘ ሰፈሩ በሙሉ ሸክሙን አውርዶ ነበር። የልጁ አርባ ታኅሣሥ 2 ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ወጣ። ያን ቀን ሶሊያና ለአንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ ቀሚስ ጨርሳ አስረከበች።

ታኅሣሥ 14 ጓንጉል አልመጣም። በረሃ ነው፣ መኪና ይዘገያል አለች። ታኅሣሥ 16 ጠዋት ግድግዳው አዲስ ጽሑፍ አወጣ። መቅጃው ሞልቷል፣ ከዚህ በላይ ቀን መያዝ ስለማይችል ነገ ጠዋት ቤቱ ወደ ጥቅምት 15 ይራመዳል ይላል። ሶሊያና ተናደደች። ሁለት ወር ሙሉ ጠብቃ ልጇ ሊገባ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ብቻዋን ልትራመድ ነው? የኬብል ኩባንያውን ሠራተኛ አስጠራች።

የመጣው አበጋዝ የሚባል፣ አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ ሆዱ ከቀበቶው ያመለጠ ሰው ነው። የግድግዳውን ቀን አይቶ አፏጨ።

«ስድሳ ሁለት ቀን! ሴትዮ፣ አንቺ ከገዳም ነው የመጣሽው? የእኔ እናት እንኳ በሠላሳ ቀኗ በቃኝ ብላለች።»

«ያንተ እናት ልጇ አጠገቧ ነው» አለችው። «ዝም ብለህ ቦታ ፈልግልኝ። ሁለት ቀን ይበቃኛል።»

አበጋዝ እየሳቀ ተንበረከከና የመቅጃውን ክዳን ከፈተ። ቦታ የያዘውን ነገር ለማየት ዝርዝሩን በእጁ በያዘው የመስታወት ሰሌዳ ላይ አወጣ። ሠራተኛ መልእክቶችን ከፍቶ መስማት አይችልም፤ የሚያየው ዓይነታቸውን፣ ቀናቸውንና የሚጠቅሱትን ስም ብቻ ነው። ሶሊያና ከጀርባው ቆማ ስለ ልጇ ታወራለች፤ ቁመቱ የአባቱን እንደሚመስል፣ ሻይ ውስጥ ስኳር እንደሚያበዛ። ቀስ በቀስ የሰውየው ሳቅ እንደጠፋ አስተዋለች። አንገቱ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«የልጅሽ ስም ማን ነበር ያልሽኝ?» አላት ሳይዞር።

«ጓንጉል።»

ክዳኑን ቀስ ብሎ ገጠመው። ከቢሮ የሚያመጣው ዕቃ እንዳለ፣ ነገ በማለዳ እንደሚመለስ ነገራት። ከመውጣቱ በፊት ከጎረቤት የምትቀርቢው ትልቅ ሰው ማን ነው ብሎ ጠየቃት። እሷም ምን አገናኘው ብላ፣ ግን የአሜንን በር አሳየችው።

አበጋዝ አሜን ቤት አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። የተባባሉትን አሜን በኋላ ተናግሯል። አሜን ስለ ሚስቱ ማሽን ነገረው። አበጋዝ ደግሞ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራው በአንድ ቤት መቅጃ ውስጥ ዘጠና የሞት መልእክት ተጠራቅሞ አይቶ እንደማያውቅ፣ ሁሉም አንድ ስም እንደሚጠሩ ነገረው። በሩ ካላስጠነቀቀ ደግሞ ማንም ቀን አፍራሽ ሊባል እንደማይችል አስረዳው።

«መስመሩን እኔ እቆርጠዋለሁ» አለ። «ምሰሶ ላይ መውጣት ሥራዬ ነው። እናንተ ሰው ብቻ ሰብስቡ።»

ታኅሣሥ 17 ጎህ ሲቀድ ሶሊያና የነቃችው በጸጥታው ነው። ግድግዳው ጨልሟል፤ ሙቀት የሚናገር የለም። በሩ ያለ ድምፅ ከውጭ በእጅ ተፈልቅቆ ተከፍቷል፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ይገባል። ጋቢዋን ደርባ ስትወጣ ግቢው ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሃሴት ከፊት ናት። አበጋዝ ምሰሶው ሥር፣ የተቆረጠውን ገመድ በእጁ እንደያዘ ቆሟል።

ሶሊያና መዳፎቿን ወደ ጆሮዋ አነሳች። ልማድ ሆኖባት ነው። ሃሴት ሄዳ ሁለቱን እጆቿን ያዘቻቸው፤ አጥብቃ ይዛ ወደ ታች አወረደቻቸው።

«ሶሊያና» አለ አሜን። «ጓንጉል አርፏል።»

ሶሊያና አልጮኸችም። መቼ ብላ ጠየቀች። ጥቅምት 23 አላት። ከንፈሮቿ ተንቀሳቀሱ፤ ቀን እየቆጠረች ነበር። ጥቅምት 24፣ ጥቅምት 25። እዚያ ላይ ቆመች። አሜንን አየችው፣ ሃሴትን አየቻት፣ አንድ በአንድ ሁሉንም አየቻቸው።

«ያን ለቅሶ ደርሻለሁ እኮ» አለች። «ንፍሮ ይዤ መጥቼ ነበር።»

አሜን አዎ አላት።

ከዚያ በኋላ ነው የወደቀችው።

ሦስት ቀን ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። እድሩ ለአንድ ሟች ሁለት ድንኳን አይተክልም፤ ስለዚህ ሰዎች ሳሎኗ ውስጥ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ኩባንያው በሁለተኛው ቀን መስመሩን ቀጠለው። ለቀስተኞቹ እያለቀሱ ሳሉ፣ መስመሩ ተቆርጦ ስለነበር ያልተራመደው ግድግዳ በራና አረንጓዴ ሸሚዝ የለበሰችው ሴት ዜና ማንበብ ጀመረች። ጥቅምት 14 ነበር። ሃሴት ጫማዋን አውልቃ ወረወረችባት። አበጋዝ በዚያው ቀን ከሥራ ተባረረ።

በአራተኛው ቀን ሶሊያና ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ አሜንንና ሃሴትን አስከትላ፣ ከዚራ ወዳለው የኩባንያው ቢሮ ሄደች። የተቀበለቻቸው ኃላፊ ወጣት፣ ንጹሕ፣ አንደበተ ርቱዕ ሴት ናት። ድሬ ውስጥ ሶሊያናን አንቱ ያለቻት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም። ማዘኗን ገለጸች። ከዚያ ኩባንያው ምንም ጥፋት እንዳላጠፋ፣ ሁሉም ነገር በደንበኛዋ ፈቃድ እንደተፈጸመ አስረዳች።

ሶሊያና ሳጥኑ ጎርፍ ሲመጣ ይናገራል፣ እሳት ሲነሳ ይናገራል፣ ውኃ ሊቋረጥ ሲል እንኳ ይናገራል፣ ልጄ ሲሞት ለምን ዝም አለ ብላ ጠየቀች።

ኃላፊዋ አንድ ገጽ አውጥታ አነበበች። «ሞት ከአስቸኳይ መልእክቶች ዝርዝር ውስጥ የለም። ምክንያቱም የሟች ሁኔታ መልእክቱ በመዘግየቱ አይለወጥም።» ቀና አለችና አክላ አብራራች። ድሮ ደንበኞች በብዛት ያማርሩ የነበረው በድራማው ውስጥ ማን እንደሞተ ቀድሞ ሲነገራቸው ነው። ስለዚህ ቤቱ ሳይደርስ የሟች ስም እንዳይነገር ተወሰነ። ሳጥኑ የድራማውን ሰው ከሰፈሩ ሰው አይለይም። እንዲለይ የጠየቀም አልነበረም።

«ከዚህም በላይ እርስዎ ራስዎ አጽንተውታል» አለች፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነካ አደረገች።

የሶሊያና ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ገና አልደረስንም። ያዘው፣ አትንገረኝ። ገና ነን። አትንገሪኝ። በሩና ስልኩ የቀዱት፣ ሃያ ስድስት ጊዜ፣ አንዱ ከሌላው ተከታትሎ። በሁሉም ውስጥ ድምፅዋ ደስተኛ ነው። ሶሊያና እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። 

የልጄን አሰሚኝ አለች ሶሊያና። ኃላፊዋ በቅደም ተከተል ነው፣ ቤቱ በየቀኑ ሲራመድ አንድ በአንድ ይደርስዎታል ብላ ጀመረች። ሶሊያና ከወንበሩ አልተነሳችም። ከኋላዋ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ንግግራቸውን አቁመው ያያሉ። ኃላፊዋ ሰዎቹን አየች፣ ገጹን አየች፣ በመጨረሻም የጓንጉልን የመጨረሻ መልእክት ከፈተች። ጥቅምት 23፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ከጀርባው የመኪና ሞተር ይሰማል።

«ማሚ፣ ሳልሰማሽ ዘጠኝ ቀን ሆነኝ። ለምን አትመልስልኝም ብዬ ተቆጥቼብሽ ነበር፤ ከዚያ ቤቱን የቆለፍኩት እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ። እኔ ነኝ ጅሉ። ተይው በቃ። ልቀቂውና ይሂድ። ድራማውንም ጨርሺው፣ ስመጣ አንቺ ትተርኪልኛለሽ። ከእኔ ይልቅ አንቺ ነሽ የምታሳምሪው። አሁን ወደ ጉድጓዱ ልንወጣ ነው። ማታ እደውላለሁ።»

ይህ መልእክት ስለ ኳስ አንድ ቃል የለበትም፤ ስለ ሟችም የለበትም። የተያዘው ቀኑ ከጥቅምት 14 በኋላ ስለሆነ ብቻ ነው። ቤቱን ልቀቂው የሚለው ቃል፣ ቤቱ ስላልተለቀቀ፣ እዚያ ሳጥን ውስጥ ሃምሳ ሰባት ቀን ተቀመጠ።

ኃላፊዋ ቅሬታዎን በዚህ ቅጽ ላይ ይሙሉ፣ መልሱን በቤትዎ መረብ በኩል እናደርስልዎታለን አለች። ቅጹን ገፋ አደረገችላት።

ሶሊያና ተነሳች። ቅጹን አልነካችውም። ፊቷን ተራ ወደሚጠብቁት ሰዎች አዞረች፤ ድምፅዋ ግን ከፍ አላለም፣ የኮሌታ ልክ እንደምትናገር ነበር የተናገረችው።

«መልሱ ቤቴ አይምጣ» አለች። «ቤቴ የሚመጣውን ነገር አየሁት። ሃያ ስድስቱን ጊዜ አልክድም፤ ድምፄ ነው፣ ከእኔ ጋር ይቀበራል። የእኔን ሰምታችኋል። አሁን ደግሞ ሌላ ድምፅ መስማት እፈልጋለሁ። እዚያ ገጽ ላይ ሞት አስቸኳይ አይደለም ብሎ የጻፈ ሰው አለ። ሳጥን አይጽፍም፤ ሰው ነው የጻፈው። ስም አለው፣ እናትም አለችው። እሑድ በአራት ሰዓት፣ በጎዳናው ቀን፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት እቆማለሁ። እሱም ይምጣ። ሳይቀዳ፣ ሳይቆረጥ፣ ፊቱን ለሕዝብ አሳይቶ ይቁምና ልጄ ተቀብሮ እንኳ እኔን ማስጠበቅ ማን እንደፈቀደለት በስሙ ይመልስልኝ።»